በሰፈር ልማት ሥራ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች፣ የራሴንም ጨምሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቢሮ መጣ። እዚሁ ደብረ ብርሃን በአንድ ሰፈር የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ሊያሠራ ነው። ገንዘቡ ተገኝቷል። ደብዳቤው ወጥቷል። የ9 ሰው የልማት ኮሚቴ ስም ዝርዝርም አሳትሞ ይዟል። «እስኪ ይዩልኝ» አለኝ። ስሞቹን አነበብኩ። ሰፈሩን አውቀዋለሁ፤ እኔ የማውቃቸው ብቻ 3 እድሮች አሉበት። የአንዱም ዳኛ፣ የአንዱም ገንዘብ ያዥ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለቅሶ ሲሆን ጥሩምባ እየነፋ የሚዞረው ሰውዬ እንኳ የለበትም፤ እሱ የማያውቀው ቤት ደግሞ የለም።

ልጁን አልተቆጣሁትም። በቅን ልቦና ነው የመጣው። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ተቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። በዚህ ሥራ 17 ዓመት ቆይቻለሁ። በመስክ ሠራተኝነት ጀምሬ ትንሽ የአካባቢ ድርጅት እስከ መምራት ደርሻለሁ። ይቺን ስህተት ያላየሁበት ዓመት ግን የለም።

እድር ባለበት ሰፈር አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እስኪ አስቡት። እድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው። የአባላት መዝገብ አለው። በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ብርጭቆውን ቆጥሮ ያስረክባል፣ ቆጥሮ ይረከባል። ሂሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። ገንዘብ ያዡ የጎረቤቱን አባት አብሮ የቀበረ ሰው ነው፤ ነገ እሱ ቤት ሐዘን ሲገባ ድንኳን የሚተክሉለት እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውንም ያውቃል። ይህን ዓይነት ተጠያቂነት የትኛው የ3 ቀን ሥልጠና ይሰጣል? እኛ ግን ይህን ሁሉ አልፈን «የልማት ኮሚቴ» የሚል ማኅተም እናስቀርጻለን። ከዚያ ጊዜ ያላቸውን፣ ስብሰባ የለመዱትን፣ ስልካቸው እኛ ጋ ያለውን ሰዎች እንሰበስባለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሳናስበው የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። የመሪነት የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። በከተማው ዳር ባለ አንድ ሰፈር ቦኖ ውሃ አስገነባን። 7 ሰው መረጥን፣ አሠለጠንን፣ ቁልፍ አስረከብን። ሪባን ተቆረጠ። በ8ኛው ወር የቧንቧው መክፈቻ ተሰበረ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ወር ሞላ። ሰብሳቢው «የድርጅቱ ሥራ ነው» አለ። ገንዘብ ያዧ አግብታ ሸዋ ሮቢት ሄዳለች። በመጨረሻ አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡና «ልጄ፣ ቧንቧችሁ ተበላሽቷል» አሉኝ። ቧንቧችሁ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስድብ መልክ አልነበረም የተናገሩት፤ የሚያውቁትን ነው ያሉት። ውሃው በደጃቸው ነው፣ እሳቸው ይጠጡታል፣ ቧንቧው ግን የእኛ ነበር።

በሳምንቱ ወደ እድሩ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ከፈተና «ከመጀመሪያው ብትነግሩን ኖሮ» ብቻ አለኝ። በ2 ቀን ውስጥ ቧንቧ ሠሪ መጥቶ መክፈቻው ተቀየረ። በጀሪካን የሚከፈል ትንሽ ሳንቲም ተወሰነ። የምታስቀዳ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተቀጠረች። ያ ቦኖ ዛሬም ይሠራል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለጥገና ብለው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኛ አልመጡም።

ይህ በሰሜን ሸዋ አዲስ ነገርም አይደለም። መንዝ ውስጥ ጓሳ በሚባለው ደጋ ያለውን ሣር የአካባቢው ሰው በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል። ከዚያ ተመካክረው ሲከፍቱት ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ያጭዳሉ። መሪውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ደንብ የጣሰውን ራሳቸው ይቀጣሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲያፈርሰው ጓሳው ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ሰው ተሰባስቦ ጥበቃውን በአዲስ መተዳደሪያ መለሰው፤ ዛሬ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከሩቅ አገር ሰው የሚመጣበት ቦታ ነው። እንግዲህ ይህን የሚያክል ነገር ያለ ፕሮጀክት ሰነድ ያስተዳደረ ሕዝብ የአንድ ሰፈር ቦይ ለማስተዳደር ከእኛ ኮሚቴ አይጠብቅም።

እድር ግን የሁሉም መልስ ነው ማለቴ አይደለም። ተከራይ ብዙ ጊዜ እድር ውስጥ የለም። ወርሃዊ መዋጮ ያቃተው ድሃም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በአንዳንዱ እድር ደግሞ ሴቶቹ በለቅሶ ቤት ሥራውን ይሠራሉ እንጂ በጉባኤው ብዙም አይናገሩም። ስለዚህ ዳኛውን ካገኛችሁ በኋላ «እዚህ ሰፈር ኖሮ እድራችሁ ውስጥ የሌለ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ስጠይቅ አንድም ጊዜ ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም። ሌላው ደግሞ የቀብር ገንዘቡን ከፕሮጀክት ገንዘብ ጋር እንዳትቀላቅሉት። የተለየ የባንክ ደብተር ይከፈት። ሰው የሞተበት ቀን ሣጥን የሚገዛበት ብር የሲሚንቶ ዕዳ ከያዘው፣ በዚያ ሰፈር ዳግመኛ የሚሰማችሁ ሰው የለም።

ስለ ገዛ ሰፈራቸው እንዲነጋገሩ አበል መክፈል

ከሩቅ ቀበሌ ለመጣ ሰው ትራንስፖርቱን መሸፈን ተገቢ ነው። የቀን ሠራተኛውን 3 ቀን ሥልጠና ካስቀመጣችሁት የጠፋበትን የቀን ገቢ መካስም ፍትሕ ነው። ነገር ግን ሰው በራሱ በር ላይ ስለሚያልፍ ጎርፍ እንዲነጋገር አበል ከሰጣችሁት ጉዳዩ የእናንተ መሆኑን ነገራችሁት ማለት ነው። አንድ ጊዜ በመጀመሪያው ስብሰባ አበል ከፈልን፣ አዳራሹ ሞላ። በሁለተኛው በጀቱ አለቀና ቡናና ዳቦ ብቻ አቀረብን፤ 4 ሰው መጣ። ከ4ቱ አንዱ ቁልፍ የያዘው ዘበኛ ነበር። በሌላ ሰፈር ደግሞ ከመጀመሪያው ምንም አልከፈልንም። የእድሩ ዳኛ ሰውን በደቦ ጠሩት። ድንጋዩን ሲያጓጉዙ ዋሉ፣ ጠላውንና ዳቦውንም ራሳቸው አወጡ። እኔ ያመጣሁት ሲሚንቶና አንድ ግንበኛ ብቻ ነው።

ቡና የማይጠጣ መሪ

ይህን ያልኩት ስለ ሱሱ አይደለም። ሴቶች የሚናገሩት ቡና ላይ ስለሆነ ነው። በአዳራሽ ስብሰባ ወንዶቹ ከፊት ይቀመጣሉ፣ እናቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሰማሉ። «አስተያየት ካላችሁ» ሲባሉ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ዝም ይላሉ። እኛም «በሙሉ ድምፅ ተስማሙ» ብለን ቃለ ጉባኤ እንጽፋለን።

አንድ የጋራ ሽንት ቤት እንዲህ ባለ ስምምነት ተሠራ። ጥሩ ግንባታ ነበር፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ ጉድጓዱ ጥልቅ። ሴቶቹ ግን አይገቡበትም። 2 ወር ሙሉ «የግንዛቤ እጥረት ነው» እያልን ስለ ንጽሕና አስተማርን፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። ከዚያ አንድ ቀን እትዬ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤት ቤት 3ኛውን ስኒ እየጠጣን ሳለ እንዲሁ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «በሩ እኮ ወደ መንገዱ ነው። ጎረምሶቹ የሚቆሙት ፊት ለፊት ነው። ማን ሴት ልጅ ጆግ ይዛ በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል ታልፋለች?» በሩን ወደ ጓሮ አዞርነው። ሥራው የአንድ ቀን ተኩል ነው። በነጋታው ሴቶቹ መግባት ጀመሩ።

ስለዚህ የንድፉን ወረቀት ለመሐንዲሱ ከማሳየታችሁ በፊት ውሃ ለሚቀዱት፣ ልጅ ለሚያጥቡት፣ ማታ ከሥራ ለሚመለሱት አሳዩ። በአዳራሽ ሳይሆን በቤታቸው። ቸኩላችሁ በአቦሉ አትነሱ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ መርሳት

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የፕሮጀክት ሰነዶቻችን ግን አያውቁትም። ነገሩ የሚመጣው እንዲህ ነው። ስምምነቱ ጥር ላይ ይፈረማል። ገንዘቡ የሚገባው ሚያዝያ ወይም ግንቦት ነው። ጨረታ ወጥቶ እስኪያልቅ ሰኔ ይገባል፣ ክረምቱ ይመጣል፣ መሠረቱ ውሃ ይሞላል። ሥራው ወደ መስከረም ይገፋል። መስከረም በበዓላቱ ያልፋል። የለጋሹ ዓመት የሚዘጋው ደግሞ በታኅሣሥ ነው። እናም ሁሉም ሰው ተጣድፎ ሲሚንቶ የሚያፈሰው በዓመቱ ቀዝቃዛ ወር ይሆናል፤ ገበሬውም አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሚሆን ለደቦ የሚመጣ ሰው አይገኝም።

አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ወለል ሊሾ ከሰዓት በኋላ አስፈሰስን። ሌሊት ውርጭ መታው። ጠዋት በእግሬ ብነካው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ሽማግሌው ግንበኛ ከመጀመሪያው «ጠዋት ይፈስ፣ ማታ በገለባና በጆንያ ይሸፈን» ብሎን ነበር፤ የግንባታው ተቆጣጣሪ ቸኩሎ አልሰማውም። እኔም አልሰማሁትም። ዛሬ ስምምነት ስንፈርም የግንባታ ወራትን ራሳችን እንጽፋለን፤ አንድም ጥቅምት፣ አንድም ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ በልጉን እያየን። ለጋሾች ምክንያቱን ስታስረዷቸው ይሰማሉ። የማይሰሙት ሳንነግራቸው ስንቀር ነው።

የስብሰባ ቀን ስትመርጡ ደግሞ የወሩን በዓላት እዩ። 12፣ 21፣ 27፣ 29። ለሥራ የማይመቹ ቢመስሉም ሰንበቴውና ማኅበሩ የሚሰበሰበው በእነዚህ ቀናት ነውና ሰው የምታገኙትም ያኔ ነው። ካህናቱን አስቀድማችሁ ካነጋገራችሁ 10 ደቂቃ አይነፍጓችሁም።

በጀቱን ሳይረዱ መፈረም

ይህን ክፍል ጀማሪዎች ይዘሉታል። እባካችሁ አትዝለሉት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከእሱ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን 70 በ30 ነበር፣ 70 በመቶው ለዓላማው ሥራ፣ 30ው ለአስተዳደር፤ ያኔ አስተዳደር የሚባለው ነገርም ሰፊ ስለነበር ለአሠልጣኝ ትራንስፖርት እንኳ ስንጨነቅ እናድር ነበር። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ግን ድርጅቱን ለማቆየት የሚያስፈልግ ወጪ አድርጎ ነው የሚያየው። እንግዲህ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው የመስክ ሠራተኛ ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ነው። የሂሳብ ሹሟና የቢሮ ኪራዩ ግን አስተዳደር ነው። ይህን ያልለየ መሪ ወይ ያለ ምክንያት ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ወይ ኦዲተር ፊት ይቸገራል።

ከዚህ የባሰው ለጋሽን ለማስደሰት የአስተዳደር ወጪን ዜሮ ብሎ ማቅረብ ነው። ኪራዩን ማን ይከፍላል? አንድ ዓመት እንዲህ አድርጌ የሂሳብ ሠራተኛችን 3 ወር ያለ ደመወዝ ሠርታለች። ልጆች አሏት። እሷ ይቅር ብላኛለች፣ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ገንዘቡ ወዳለበት መሮጥ ደግሞ ሌላው ነው። ዘንድሮ ንብ ማነብ፣ ከርሞ የወጣቶች ክህሎት፣ ከዚያ የአየር ንብረት። ሰፈሩ የጠየቀው ቦይ ነበር።

ስም ዝርዝርን ከአንድ እጅ መቀበል

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደብረ ብርሃን በግጭት የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን አስጠግታለች። ከመጠለያው ውጪ ብዙዎቹ በየሰፈሩ በዘመድና በማያውቁት ሰው ቤት ነበር ያረፉት። እኛም ብርድ ልብስ ልናከፋፍል ተነሳን። ዝርዝሩን ከአንድ ቦታ ወሰድን፣ በአንድ ከሰዓት አድለን ጨረስን። ማታ ላይ አንዲት አሮጊት ቤት ገባሁ። አንድ ክፍል ቤት ናት። 3 ቤተሰብ መሬት ላይ ተኝቷል። እማማ ራሳቸው ግን መደብ ላይ በነጠላ ተኮራምተው ተቀምጠዋል፤ የነበራቸውን አንድ ባና ለልጆቹ አልብሰውታል። ተፈናቃይ ስላልሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ከሦስቱ ቤተሰብ ደግሞ የተጻፈው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ባለፈው ሳምንት ስለደረሱ አልተመዘገቡም። በውርጭ ወር።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝር በ3 መንገድ እናመሳክራለን። ከቀበሌ፣ ከእድሩና ከራሳቸው ከተፈናቃዮቹ ተወካይ። ሦስቱም ላይ ያለው ሰው ወዲያው ያገኛል፤ አንዱ ላይ ብቻ ያለውን ቤቱ ድረስ ሄደን እናያለን። ያስጠጋውን ጎረቤትም እንቆጥራለን። ይህ 2 ቀን ይጨምራል። ሁለት ቀኑን ለምኑ፤ ይሰጣችኋል።

ብርድ ልብስ እየተቀበለ ያለን ሰው ፎቶ አታንሱ።

የቀበሌ ሹማምንት ይቀያየራሉ። ዛሬ በቃል የተስማማችሁት ሰው ከ6 ወር በኋላ ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል፤ ስምምነቱን ጻፉት፣ አስፈርሙት፣ አንድ ቅጂ እድሩ ጋ ይቀመጥ። አዲሱ ሲመጣ ደግሞ ቅር ሳይላችሁ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዱ።

ድርጅቱን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ማቆም

ይህ የእኔ ትልቁ ስህተት ነው። ለብዙ ዓመት ቼክ የምፈርመው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምክንያቴ ጥሩ ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡ የድሃ ነው፣ አደራ ነው፣ እኔ ካላየሁት ይባክናል። እያንዳንዱን ሰፈር የማውቀው እኔ ነኝ፣ ለጋሹ የሚደውለው ለእኔ ነው፣ ሽማግሌዎቹ የሚጠሩት እኔን ነው። አመሰገኑኝ፣ ደስ አለኝ፣ ቀጠልኩ። ከዚያ ታመምኩና አዲስ አበባ ሆስፒታል 5 ሳምንት ተኛሁ። በዚያ ጊዜ የ11 ሠራተኛ ደመወዝ ቆመ። ግማሽ የደረሰ የውሃ ሥራ ተቋረጠ፣ ግንበኞቹ ሌላ ሥራ አግኝተው ሄዱ። ምክትሌ ሰነዱን ይዛ እስከ አልጋዬ ድረስ መጣች። ፈረምኩላት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማው አልመሳሰል ብሎ ባንኩ መለሰው።

ቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባ 3 ፈራሚ ሾመ፤ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ ይበቃል። ይህን ለማድረግ የፈጀው 40 ደቂቃ ነው። ያን 40 ደቂቃ 9 ዓመት ሙሉ አላገኘሁትም ነበር። ወጣት መሪ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የቦርድ አባላት ስትመርጡ ደግሞ እሺ የሚሏችሁን ወዳጆች ብቻ አትምረጡ። የእኔ ቦርድ ለዓመታት አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

በመጪው ሐምሌ ሥራ አስኪያጅነቱን ለምክትሌ አስረክባለሁ። ሰነዶቹን ጨርሰናል፤ ውሉን፣ የንብረት ዝርዝሩን፣ የኦዲት ሪፖርቱን፣ የባንኩን ጉዳይ። የቀረን በወረቀት የማይሰጠው ነው። የትኛው የእድር ዳኛ በስልክ መነጋገር እንደማይወድ፣ የትኞቹ 2 ሰፈሮች በአንድ የድሮ ወሰን ጠብ ምክንያት አንድ አዳራሽ እንደማይቀመጡ፣ የትኛዋ እናት ቤት ቡና ሲፈላ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ እንደሚሰማ። እሱን ከሷ ጋር በእግር እየዞርን ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ በቀን 2 ቤት። እስካሁን 14 ደርሰናል፤ በነገው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቦኖው ሰፈር እድር ይጠብቀናል።